የየሺዋስ የነሐስ ጅብ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ሰው ላስፈራራ ብዬ የፈጠርኩት አይደለም። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ዓይኔም ጆሮዬም ደህና ነው። የሚጠራጠር ካለ ይጠራጠር፣ ለእሱ አይደለም የምጽፈው።

ደግሞ ጨለማ አትጠብቁ። ጨለማ የለበትም።

ሐሙስ ቀን ነው። ሚያዝያ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ጀርባ ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ። ፀሐዩ የጣራውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል።

የልጅ ልጄን እጅ ይዤ ተቀምጫለሁ።

እጇ... ከበደኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሚራክል እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ "እማዬ" ነው የምትለኝ። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ስታስነጥስ እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ። ታክሲ ላይ ስትወጣ ልቤ አብሯት ይወጣና እሷ እስክትመለስ አይመለስም። ጎረቤት በዚህ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብየዳ ተምራ እንደጨረሰች ሥራ አገኘሁ አለችኝ። የት ስላት፣ ቀራፂ ዘንድ።

የሺዋስን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ይህን ሰውዬ እንዴት አድርጌ ልግለጽላችሁ... በዚያ ሁሉ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚመልሰው፣ ቢያየን የምናቆሽሸው ይመስል። ውጭ አገር ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ ይላል። ይዞ የመጣው ግን ሁለት ቃል ነው። "እንቅስቃሴ" እና "ቅጽበት"። ምሳ ይዛችሁ ብትገቡ "ቅጽበቱን አታበላሹብኝ" ይላችኋል።

ሥራው የዱር እንስሳ በነሐስ መሥራት ነው። የቆመ አይደለም፤ የሚሮጥ፣ የሚዘል፣ የሚያሳድድ። አንድ አዲስ ሎጅ ለግቢው ጥንቸል፣ ቀበሮ፣ ድኩላና ጅብ አዞት ነበር።

እንዴት እንደሚሠራቸው ስሙት እንግዲህ።

ንጋት ላይ ፒክአፑን ይዞ በክፍያ መንገዱ አጥር ዙሪያ ይዞራል። መኪና የገጨውን እንስሳ ለቅሞ ያመጣና መጋዘኑ ውስጥ ከጣራው ብረት ላይ በሽቦ ያንጠለጥለዋል። እግሩን ወደፊት፣ እግሩን ወደኋላ ይወጥረዋል... የሚሮጥ እንዲመስል። በላዩ ላይ ጄሶ ይለስንበታል። ጄሶው ሲደርቅ ይከፈትና ውስጡ ሰም ይፈስሳል። ከዚያ የሚወጣው የሰም እንስሳ ጭቃ ይለብሳል። ጭቃው እሳት ውስጥ ሲጠበስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይገባበታል። ነሐሱም ቢሆን ከቆራሌው የተገዛ የድሮ ቧንቧና የማሽን ቡሽንግ ነው።

ይኸው ነው ጥበቡ።

የሞተ ቀበሮ በጄሶ ለስኖ "እንቅስቃሴን ያዝኩ" ይላል።

እኔ በየቀኑ ምሳ አደርስላታለሁ። ሚራክል "አታምጪ፣ ይስቁብኛል" ትለኛለች፣ እኔ ግን እኩለ ቀን ላይ ዓይኗን ካላየሁ ቀኑ አይመሽልኝም። አንድ ቀን ስገባ የሎጁ ሰዎች ያለቁትን ነሐሶች ሊያዩ መጥተዋል። ጥግ ይዤ ቆምኩ። የሺዋስ ዓይኑን ጨፍኖ ያብራራል።

ይህ ቀበሮ እየሮጠ ያለ ቀበሮ አይደለም፣ ሩጫው ራሱ ነው አላቸው።

አልቻልኩም።

"ይህማ የሞተ ነው" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አንገቱን እዩት እስቲ። የተሰቀለ ነገር አንገት ነው። የሚሮጥ ነገር ትከሻው እንዲህ ይንጠለጠላል?"

አንዷ ሴትዮ ሳቀች። ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ። የሺዋስም አብሯቸው ሳቀ... ዓይኑን ግን ገልጦ ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ።

ምነው ያን ጊዜ አፌን በያዝኩ።

ጅቡ የመጣው በሳምንቱ ነው።

የመጋዘኑ ጥበቃ ጂራታ የዚያው አካባቢ ሰው ነው። መጋዘኑ የቆመበት መሬት የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ዛሬ እሱ በሩን ይጠብቃል። ወሬ የማያበዛ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ግን በር ላይ አስቆመኝ።

"እትዬ እታገኝ... ይህን ጅብ መኪና አልገጨውም።"

"ታዲያ ምን ገደለው?"

"እንጃ። ቁስል የለበትም፣ አጥንቱም ደህና ነው። አስፋልቱ ዳር በጎኑ ተኝቶ ነው ያገኘነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እግሩ... ሽቦ ሳይነካው ነው እንዲያ የተወጠረው። ሲሮጥ እንዳለ።"

ገብቼ አየሁት። ተንጠልጥሏል። ዓይኑ ክፍት ነው።

ሽታውን ፈርቼ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ነበር። ለቀቅኩት። ምንም አይሸትም።

በማግስቱም አልሸተተም። በሳምንቱም አልሸተተም። በዚያ ሙቀት... ዝንብ እንኳ አላረፈበትም።

መቼም ብረት የሚሠራ ሰው ጅብ ይሆናል እያለ የሚያወራ አይጠፋም። የጅል ወሬ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ አቃቂ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲያቀልጥ ኖሮ የሆነው ነገር ቢኖር የወገብ ሕመምተኛ ነው። ስለዚህ እኔ እንዲያ ያለ ነገር አላሰብኩም። የጄሶው ብናኝ ሳንባዋ ውስጥ ይገባ ይሆን ብዬ ነበር የምጨነቀው። ሞኝነቴን እዩት።

የሺዋስ የጅቡን ሰም አወጣና አየው። አልወደደውም። ትከሻው ሞቷል አለ። የእኔኑ ቃል ነው፣ የራሱ ግኝት አስመስሎ።

ከዚያ በኋላ ነው ሚራክል ጉልበቷ ተልጦ የመጣችው።

ወደቅኩ አለች። በማግስቱም ወደቅኩ አለች። በሦስተኛው ቀን መዳፏን አየሁት... እንደ ቆዳ ጫማ ጠጥሯል።

ጂራታን ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ሰውዬው ልጅቷን በእጅና በእግሯ ያስኬዳታል፤ በሲሚንቶው ላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ቁሚ ሲላት በዚያው እንዳለች ቀጥ ትላለች። ከዚያ ተነስታ ሰሙ ዘንድ ትሄድና የራሷ ትከሻ ላይ የተሰማትን በአውራ ጣቷ ሰሙ ላይ ትጫናለች። ተመልሳ ትንበረከካለች። ቀኑን ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነው። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

ደሜ ፈላ። ተማርኩ ባይ ሻርፓም... ልጄን እንደ ከብት ያስድሃታል።

ቤት ስትገባ ያዝኳት።

"ሥራ ነው እማዬ።"

"መዳህ ነው ሥራ?"

"እሱ ከውጭ ነው የሚያየው። እኔ ግን ከውስጥ አውቀዋለሁ።"

"ምኑን?"

መዳፏን አየችው። ቆይታ በሹክሹክታ...

"ሩጫውን።"

ነሐሱ እስኪፈስስ ብቻ ታገሺኝ፣ ከዚያ እተወዋለሁ ብላ ማለችልኝ። ሳሪስ አቦ ወስጄ ፀበል ላስጠምቅሽ ስላት እሱንም እሺ አለች፣ ግን ከዚያ በኋላ። እንቢ ብላት ቤቱን ለቅቃ እንደምትወጣ ገባኝ። ስለዚህ ታገስኩ። ዓይኔን ግን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም።

ያየሁትን ልንገራችሁ።

ተረከዟ መሬት መንካት ተወ። ከክፍል ክፍል ስትሄድ ድምፅ የላትም። ዞር ስል... አጠገቤ ናት።

ሰፈራችን፣ ሱፍያን ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚተኙ ሦስት ውሾች አሉ፤ ያላፊ አግዳሚውን እግር ሳይጮሁበት የማያሳልፉ። እሷ ስትመጣ ግን ተነስተው የቆመ ሚኒባስ ሥር ይገባሉ። ሦስቱም። ጭራቸውን ቆልፈው። ባለሱቁ ሱፍያን፣ ሚራክል ውሾቹን ምን አድርጋቸው ነው ብሎ ጠየቀኝ። ድንጋይ ወርውራባቸው ይሆናል አልኩት። ሚራክል በሕይወቷ ውሻ ላይ ድንጋይ አንስታ አታውቅም።

አንድ ቀን ምሳ ዶሮ ወሰድኩላት። ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ በሩን እያየች በላች። ሳህኑን ሳነሳ ባዶ ነው። አጥንቱን የት ጣልሽው አልኳት።

ሳቀች።

ጥርሷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ... ቀጭ... ይል ነበር።

ሰሙ ያለቀ ቀን ጠርታ አሳየችኝ። እውነቱን ለመናገር ልስቅበት ነበር የሄድኩት። አልሳቅኩም። ያ የሰም ጅብ የሞተ አልነበረም። ትከሻው ላይ ያለው ጉልበት፣ ወደ ጎን የሸሸው ጭንቅላቱ... ስወጣ ጀርባዬን ልሰጠው አልደፈርኩም። ወደኋላዬ እየተራመድኩ ነው በሩ ላይ የደረስኩት።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የተንጠለጠለው ሬሳ ሸተተ። የሦስት ሳምንት ሽታ፣ በአንድ ጊዜ። ጂራታ አፉን በጨርቅ አስሮ ወስዶ ወንዙ ዳር ቀበረው።

እንግዲህ ሐሙስ። ስምንት ሰዓት።

ዛሬ ያበቃል፣ ይዣት ነው የምወጣው ብዬ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ገባሁ። ጭቃ የለበሰውን ጅብ አሸዋ ውስጥ ቀብረውታል፤ ከላይ የሚታየው ነሐሱ የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ነው። እቶኑ ያጉረመርማል። ሚራክል ልትረዳቸው ጓንቷን አድርጋ ነበር። ከዚያ አወለቀችው። አልቻልኩም ብላ መጥታ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። እጇን ጉልበቴ ላይ አኖረች፣ ያዝኩት።

የሺዋስና ጂራታ የመጀመሪያውን ማቅለጫ ድስት በረጅም ጉጠት አንስተው አፈሰሱ። ነሐሱ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ገባ። ድምፅ የለውም።

"እማዬ... ሞቀኝ።"

"እሳቱ ነው ልጄ።"

"አይደለም። ከእግሬ ነው የሚነሳው።"

ሁለተኛውን አፈሰሱ።

እጇ ከበደኝ። መጀመሪያ የደከመች መሰለኝ። ከዚያ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። እጄን ከሥሯ ላወጣ ሞከርኩ... አልወጣም። ድንጋይ የተጫነብኝ ያህል ነው። ደግሞ ያቃጥላል።

የሺዋስ ቀዳዳው ላይ አጎነበሰ። በሁለት መሙላት ነበረበት እያለ ያጉተመትማል። ጂራታ ከሥር አፍስሶ ይሆናል ብሎ አሸዋውን በአካፋ ገለጠው። አሸዋው ደረቅ ነው። አልፈሰሰም።

"ጨምር።"

"አቶ የሺዋስ... ይህ ነገር ይጠጣል እኮ።"

"ጨምር አልኩህ።"

ሦስተኛውን ጨመሩ። አራተኛውን ጨመሩ።

የተቀመጥንበት አግዳሚ ከሥራችን ሲሰነጠቅ ሰማሁት። ልጄ ፊቷን ወደ ጣራው ቀና አድርጋለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ አይርገበገብም። አቁሙ አልኳቸው። ልጄን አያችሁ ወይ አልኳቸው። ጂራታ ዘወር ብሎ አየኝ። የሺዋስ አልዞረም።

ነሐሱ አለቀ። ቀዳዳው አልሞላም።

ጭቃውን የሰበሩት አሥር ሰዓት ላይ ነው። የሺዋስ መዶሻውን ለማንም አልሰጥም ብሎ ራሱ መታው። ጭቃው ለሁለት ተከፈለ።

ባዶ ነው።

አንዲት ጠብታ ነሐስ የለም። የእያንዳንዱ ፀጉር ምልክት ጭቃው ላይ ታትሞ ይታያል። ጅቡ ግን የለም።

አግዳሚው ተሰብሮ ልጄ ወለሉ ላይ በላብ ተጠምቃ ተቀምጣለች። እኔ በነጠላዬ አናቷን አራግባለሁ። እሱ ግን በጉልበቱ ተንበርክኮ ባዶውን ጭቃ ይዳብሳል። ነሐሱስ፣ ነሐሱ የት ሄደ ይላል። አንድ ጊዜ እንኳ ልጅቷ ምን ሆነች አላለም።

ሰው ነው ይህ?

ሚራክል ዝግ ብላ በእግሯ ተነሳች። በር ላይ የዚያድ ባጃጅ ነበረች፣ ሰፈር የሚያደርሰን እሱ ነው። ስትገባ ባጃጇ በአንድ ጎኗ ቁጭ አለች።

"ማዘር፣ ምን ጭናችሁ ነው?"

"ምንም። ንዳ።"

"ማዘር ጎማዬ እኮ..."

"ንዳ ልጄ። አትዙር።"

በመስታወቱ አያት። ቤታችን እስክንደርስ ዝግ ብሎ ነዳ። የሰጠሁትን ሒሳብም ሳይቀበለኝ ነው የሄደው።

አልጋዋ በመጀመሪያው ቀን ተሰበረ። ፍራሹን ግቢው ውስጥ ሲሚንቶው ላይ አነጠፍኩላት፣ ፀሐይ ትፈልጋለች። ጠዋት ስነካት እንደ ቧንቧ ውኃ ትቀዘቅዛለች። ስድስት ሰዓት ላይ እጅ አታስነካም፣ ትፋጃለች። በሁለተኛው ቀን እጇን ታንቀሳቅስ ነበር። በአራተኛው ቀን ዓይኗን ብቻ። በስድስተኛው ቀን ምንም።

ጤና ጣቢያ የሚወስዷት አራት ወንዶች ለመንኩ። አራት ወንዶች ተጋግዘው ከፍራሹ አላነቀነቋትም። አንደኛው እያማተበ ወጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ልቧ ይመታል። አንድ ጊዜ ይመታና... ዳዊቴን አንድ መዝሙር አንብቤ እጨርሳለሁ... ሌላ ጊዜ ይመታል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የግቢው በር ተገፍቶ ተከፈተ።

የሺዋስ ነው። አላንኳኳም፣ ሰላምም አላለኝም።

ልጄ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ዙሪያዋን ዞረ። ጎንበስ ብሎ አንገቷን አየ። ከኪሱ ሜትር አወጣና... ትከሻዋን ለካ።

"የጅቡ ልክ ነው" አለ ለራሱ። "ሙሉ በሙሉ ልክ ነው።"

"እጅህን አንሳ።"

"እማማ፣ እርስዎ ይረዱኛል ብዬ አልጠብቅም። ይህ ሥራ የእኔ ነው። ሰኞ ክሬንና ሰዎች ይዤ እመጣለሁ።"

"ልጄ ናት።"

"ነበረች።"

ፈገግ አለ። ዓይኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ በደስታ አብዷል።

"ያን ቀን በሰው ፊት የሞተ ነው ብለውኝ ነበር። አሁንስ እማማ? አሁን ምን ይሉኛል?"

እኔ አሮጊት ነኝ። እጄ ላይ የነበረው የግቢ መጥረጊያ ነው። በእሱና በእሷ መሐል ገብቼ ቆምኩ፣ ጀርባዬን ለልጄ ሰጥቼ። ከእኔ አልፈህ ነው የምትወስዳት አልኩት። ሊስቅብኝ አፉን ከፈተ።

አልሳቀም።

ዓይኑ ከእኔ ላይ ተነስቶ ወደ ትከሻዬ ኋላ ሄደ።

ሲሚንቶው ከበስተኋላዬ... ተሰነጠቀ።

አልዞርኩም። ለምን እንዳልዞርኩ ዛሬም አላውቅም። ተረከዜ ላይ ሙቀት ይሰማኛል። የምድጃ አፍ አጠገብ የቆምኩ ያህል።

"እማማ..." አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። "እማማ፣ ይንገሯት..."

ምን እንድነግራት እንደፈለገ አልጨረሰውም። ሮጠ።

መቼም ሩጫ ማለት ያ ነው። እጁ የት እንዳለ አያውቅ፣ እግሩ የት እንደሚያርፍ አያይ፣ አንገቱ ወደፊት ተወጥሮ፣ አፉ ተከፍቶ። በውጭ አገር ሁለት ዓመት ያስተማሩት ሰዎች ቢያዩት ኖሮ ምሳሌ አድርገው ይይዙት ነበር።

በጎኔ አንድ ነገር አለፈ። ቀሚሴን ነክቶኝ ነው ያለፈው። ጫፉ ተለብልቧል፣ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ስዞር ፍራሹ ባዶ ነው።

እስከ በሩ ተከትዬ ሄድኩ። አስፋልቱ በፀሐይ ላልቷል። በላዩ ላይ የእግር ምልክት አለ፣ ጣት ያህል የሰጠመ። መጀመሪያ ባዶ እግር ነው... የልጄ እግር ነው፣ አውቀዋለሁ። ሱፍያን ሱቅ ጋ ሲደርስ የመዳፍ ምልክት ተጨመረበት።

ከሱቁ አልፎ ደግሞ... እግርም መዳፍም አይደለም።

ምልክቱ ወደ መጋዘኑ ነው የሚሄደው። አልተከተልኩትም። ሰዎች ሊከተሉት ሲነሱ ልጄ አሟት ነው፣ ግቡ፣ ልጆቻችሁን አስገቡ ብዬ መለስኳቸው። የሚጨነቅ ሰው ቃል አንዳንዴ ይሰማል። ተመለሱ።

ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። በእግሯ። ተረከዟን መሬት እያስነካች፣ ኮቴዋ እየተሰማ። ነጠላ ጫማ ያደረገች ይመስል ጠፍ... ጠፍ... ጠፍ... በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።

አቀፍኳት። ቀላል ናት። እንደ ድሮዋ፣ አጥንት ብቻ። መዳፏን ገልብጬ አየሁት፤ ለስልሷል።

እራት አቀረብኩ። ዘጠኝ ቀን እህል ያልቀመሰች ልጅ ናት። ሳህኑን በእጇ ገፋ አደረገችው።

"እማዬ፣ ጠግቤያለሁ።"

አልጠየቅኳትም። ውኃ አሙቄ አፏን አጠብኩላት። ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠብኩላት። ውኃውን ራሴ ደፋሁት።

በማግስቱ እሑድ፣ ረፋድ ላይ ጂራታ መጣ። ኑና እዩ አለኝ። ምኑን ስለው ቀድሞኝ ሄደ።

የመጋዘኑ በር ሁለቱም ተከፍቷል። ፀሐዩ እስከ መሐል ገብቷል። ወለሉ ላይ፣ ምንም ሳይደግፈው፣ የነሐስ ጅብ አለ። ያለቀ፣ የተወለወለ፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ። እሳት አልነደደም፣ ጭቃ የለም፣ ሰም የለም። ጂራታ እኔ እዚሁ ነው ያደርኩት፣ ማንም አልገባም ብሎ በአባቱ ስም ማለልኝ።

ሊዘል የተነሳ ነው። ፊቱን ወደ ከተማው አዙሯል። ያምር ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ነው ልክ ያልነበረው። የሚሮጥ እንስሳ ሆዱ ወደ ላይ ይሰበሰባል። የዚህ ሆድ ግን ተንጠልጥሎ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ጂራታ የሺዋስን ከትናንት ጀምሮ ያየው ሰው እንደሌለ፣ ፒክአፑም መጋዘኑ ደጅ ላይ በሩ ክፍት ሆኖ እንዳደረ ነገረኝ። እኔም አላየሁትም አልኩት።

ያኔ ነው የሰማነው።

ኳ... ኳ... ኳ።

ከጅቡ ሆድ ውስጥ ነው።

ጂራታ አየኝ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ አየሁ።

"እትዬ... ሰምተዋል?"

"ብረት ነው። ሲቀዘቅዝ እንዲህ ይንኳኳል።"

ጂራታ ቀስ ብሎ ቀረበና እጁን ሆዱ ላይ አሳረፈ። ቆየ። እጁን አላነሳም።

"እትዬ እታገኝ" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ይህ እኮ ቀዝቅዟል።"

ልጄ ቤት ብቻዋን እንዳለች ትዝ አለኝ። ቁርስም አልበላች ይሆናል። የመጣው ይምጣ፣ ና በሩን ዝጋ አልኩት። አንዱን ክንፍ እሱ ያዘ፣ አንዱን እኔ።

ልንገጥመው ስንል እንደገና አንኳኳ። አሁን ቀስ ብሎ ነው... በትሕትና።